ቀለም አይስማማትም

አባቴ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ጫማውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ስለነበር በር ሲረግጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካርቶኑ የአልጋዬን ግማሽ ያህላል። ላዩ ላይ የድሮ የእሽቅድድም መኪና ተስሏል፤ አፍንጫው ረጅም፣ ጎማዎቹ ከአካሉ ወደ ውጭ የወጡ፣ የሹፌሩ መቀመጫ ጣሪያ የሌለው።

«ለእኔ ነው?» አልኩት።

«ለሁላችንም ነው» አለኝ። አመንኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ለሁላችንም አልነበረም። አባቴ መኪና ሻጭ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ትልቁ ሰውዬ» የሚለው የድርጅቱ ባለቤት አዲስ የማሳያ አዳራሽ ሊከፍት ተነስቶ፣ መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን የሚቀመጥ ትልቅ ሞዴል መኪና አስመጣ። ተገጣጥሞ የሚያልቅ እንጂ ያለቀለት አልነበረም። ሻጮቹን ሰብስቦ «ይህን ማን ይሠራልኛል?» አላቸው። የሽያጭ ኃላፊው ወንበር ባዶ ነበር። በዕድሜው አንድ ምስማር ቀጥ አድርጎ መትቶ የማያውቀው አባቴ እጁን አወጣ። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አባቴ የማይችለው ነገር እንደሌለ ነበር።

የምግብ ጠረጴዛችን የመኪና ጠረጴዛ ሆነ። አካሉ ስስ ብረት ነው። የቀረው ፕላስቲክ ሲሆን ክፍሎቹ በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ነው የመጡት። በመቁረጫ ይለያሉ፣ የተቆረጠበት ይሞረዳል፣ ከዚያ ይጣበቃሉ። አባቴ በእጁ ይገነጥላቸው ነበር። ሙጫው ከጣቱ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ሸሚዙ ይሄዳል። የመሪው ዘንግ ተሰበረበት። ወረንጦውን ወርውሮ ግድግዳውን መታው።

«እስኪ ዝም በሉ» አለ። የተናገረ ሰው አልነበረም።

እናቴ የማድ ቤቱን በር ተደግፋ ታየዋለች። እጆቿን አጣምራ ጣቶቿ ክርኗ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። መኪናውን የጠላችው መሰለኝ።

የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ የመኪና ቀለም ቤት ነበረው። የተጋጨ መኪና ይገባለታል፤ ባትላሜራው ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ ያቃናል፤ ከዚያ ይቀባል። እናቴ ከማግባቷ በፊት እዚያ ቀቢ ነበረች። «ልጅቷ ትቀባልኝ» ብሎ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበራት። ስታገባ አባቴ ሥራውን አስተዋት። እኔ ግን ያን ቤት የማውቀው አባቴ በሰጠው ስም ነው፤ «የሚሸተው ቦታ»። ስንሄድም ደጅ ቆመን ሰላም ብለን እንመለስ ነበር።

አንድ ምሽት እራት ሲጠበቅ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። እነሱ ጠረጴዛው ጋ ናቸው።

«ልጨርስልህ» አለች እናቴ።

«ምኑን?»

«መኪናውን። እንዲህ ከቀጠልክ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው።»

አባቴ ከጣቱ ላይ ደረቅ ሙጫ ላጠ። እናቴ ቀጠለች። «ሲያልቅ ግን አባቴ ጋ እመለሳለሁ። ቃልህን ስጠኝ።»

«ተመለሺ» አለ አባቴ። «ብቻ ለአዳራሹ ምረቃ ይድረስልኝ።»

የክፍል ጓደኛዬ እናት «አባቴ ጋ እመለሳለሁ» ብላ ሄዳ፣ ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ፀጉሯን የሚሠራላት አጥታ ነበር። እናቴ የጠየቀችው ሥራዋን ነው። እኔ የሰማሁት ፍቺ ነው። እንዲህ መስማቴ የገባው ሰው አልነበረም፤ ያስረዳኝም የለም። በዚያ ቤት ለልጅ ነገር አይነገርም ነበር፤ ልጅ ትምህርቷን፣ ሴት ቤቷን ትያዝ ነው ሕጉ።

ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። አባቴ ሲወጣ መስኮቱን ትከፍትና ትቀመጣለች። መጀመሪያ አባቴ ያጣበቀውን ሁሉ ፈታችው። ደረቅ ሙጫውን በምላጭ ጫፍ ስታነሳ የጥርስ ሐኪም ትመስል ነበር። የተሰበረውን ዘንግ ውስጡን በስታ ሽቦ ከተተችበትና ከድሮው ጠንክሮ ተነሳ። ከተበላሸ ሬድዮ የመዘዘችውን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ ካንዴላዎች ጋር አንድ በአንድ አገናኘችው። ካርቶኑ ውስጥ ይህ አልነበረም። «እውነተኛው ላይ ግን አለ» አለችኝ። ለሹፌሩ መቀመጫ አሮጌ የቆዳ ጓንቷን ቆረጠች፤ ቀበቶውን ከእጅ ቦርሳዋ ማንጠልጠያ ሰፋችው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ቡናማና ወይን ጠጅ ቀለም በስሱ ደራርባ ስትጨርስ በእሳት የከረመ ብረት መሰለ። ሳላስበው ጣቴን ሰበሰብኩ፣ የሚፋጅ መስሎኝ።

እየሠራች ታፏጫለች። እናቴ ማፏጨት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ካርቶኑ ላይ የተሳለው መኪና ቀይ ነው። «ቀይማ ማንም ይቀባል» አለችና በሻይ ብርጭቆ ሰማያዊ በጠበጠች። ነጭ ጨመረች፣ ከጥቁር በስንጥር ጫፍ አስነካች፣ ወደ መስኮቱ አቅንታ አየች፣ ደግማ ጨመረች። አያቴ በላከላት ትንሽ መርጫ ረጨችው። ሲደርቅ በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት አሸችውና እንደገና።

«ቀለም ችኩል አይወድም» አለችኝ። «ስስ አድርገሽ ትቀቢና ትጠብቂዋለሽ። ካወፈርሽው ያለቅስብሻል።»

በሦስተኛው ቅብ አካሉ ፊቴን ማሳየት ጀመረ። አፌ ውስጥ ይዤው የከረምኩት ጥያቄ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ ሲያልቅ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ እንጂ» አለች። ሳቀች። «ምን ልቀር?»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከእኔ ርቃ ለመሄድ የምትቸኩል መስሎኝ ነበር። ያ ሳቅ በትዳሯ ዓመታት ካየሁባት ሁሉ እውነተኛው መሆኑን የሚነግረኝ ቢኖር ኖሮ አብሬያት እስቅ ነበር።

ማታ ማታ አባቴ መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛውን ይዞራል። «ይሄ ምንድነው? ይሄስ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል። እናቴ ትመልሳለች። «ስንት ጊዜ ተቀባ? በመሀሉስ ምን ይደረጋል?» ትመልሳለች። አስተማሪ ተማሪ ሲፈትን ይመስላል። አንድም አልሳተችም፤ ኮራሁባት። አባቴ ራሱን ይነቀንቅና «ጥሩ» ይላታል።

እየሸመደደ ነበር። አባቴ እየፈተናት ሳይሆን መልሷን እየሸመደደ ነበር። ይህ ዛሬም ድረስ ሲታወሰኝ ያለሁበት ክፍል ይጠበኛል።

የምረቃው ቀን አዳራሹ አዲስ ጎማና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። ሰማያዊው መኪና በመስታወቱ ውስጥ መብራት በርቶበት፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይታያል። ሰው ሁሉ አጎንብሶ ያያል። አባቴ ጎኑ ቆሟል።

«ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት» ይላል። «ስስ፣ ስስ አድርጌ። ቀለም ችኩል አይወድም። ካወፈርከው ያለቅስብሃል።»

«ያለቅስብሃል» አለ ትልቁ ሰውዬ፤ ንግግሩን ወዶት ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። «ሽቦዎቹን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከሬድዮ። እውነተኛው ላይ ስላለ መቅረት የለበትም ብዬ።»

ግራ ገባኝ። ግን አዋቂዎች «ቤት ሠራሁ» ሲሉ ግንበኛው ሌላ ሰው እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህም እንደዚያ መሰለኝ። እናቴ ወለሉን ታያለች፤ ሰው ሲያሞግሰን እንደምናፍረው ያፈረች መሰለኝ።

ትልቁ ሰውዬ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ፣ ቤቱ ቀለም ቀለም ሲሸት አልተማረሩም?»

እናቴ አፏን ስትከፍት አባቴ ቀደማት። «እሷማ ተሰቃየች። ራሷን ይፈልጣታል። ቀለም አይስማማትም።»

ሰዎቹ «አይዞሽ» አሏት። እኔ ደነገጥኩ። እናቴ ያን ሁሉ ቀን እያፏጨች ራሷን ሲፈልጣት ከርሟል ማለት ነው፤ ከእኔ ደብቃ።

ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን እያወለቀች «ሰኞ እጀምራለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሥራዬን። አባቴ ጋ።»

አባቴ ክራባቱን ፈታ። ሹመቱ ያንኑ ቀን ተነግሮታል፤ ፊቱ ያበራል። «አሁንማ ነገሩ ተለወጠ። የኃላፊ ሚስት ቱታ ለብሳ የሰው መኪና ስር ስትርመጠመጥ ደስ ይላል?»

«ቃል ሰጥተኸኛል።»

«ደግሞ ቀለም አይስማማትም ብያለሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ነገ ቀለም ቤት ቢያዩሽ እኔ ምን እባላለሁ? ውሸታም?»

እናቴ አንድ ጫማዋን እንደያዘች መኝታ ቤት ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አትሄድም፣ ትቀራለች። የእናቴ በር ሲዘጋ እኔ ጨፈርኩ። ልጅ ነበርኩ፤ በራሴ አልፈርድም። ነገሩን እንዲህ አድርገው ባጣመሙብኝ ሰዎች ግን እፈርዳለሁ።

ሰኞ እናቴ እጄን ይዛኝ ወጣች። ዘንቢሏ ውስጥ ጨርቅ፣ የጎማ ጓንትና ቲነር የሞላበት ጠርሙስ አለ። አዳራሹ ስንደርስ ዘበኛውን «መስታወቱን ክፈትልኝ፣ ልወልውለው» አለችው። የኃላፊው ሚስት ናትና ከፈተላት።

ጋዜጣ አነጠፈች። ጓንቷን አጠለቀች። ጨርቁን በቲነር ነከረችና ከአፍንጫው ጀምራ ወደ ኋላ ሳበችው። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ከሥሩ ግራጫ ብረት ወጣ። አልቸኮለችም። ጨርቁን አጣጥፋ፣ ንጹሕ ጎኑን አዙራ፣ ቀጠለች። ሽታው አዳራሹን ሞላው። ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ዞሩ።

አባቴ ከቢሮው ፈገግ ብሎ ነው የወጣው። ሲጠጋ ፈገግታው ረገፈ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጠረግሁ ነው።»

«ሰው እያየሽ ነው» አለ፣ በጥርሱ መሀል።

«ይየኝ። አንተ አይደለህ የቀባኸው? መልሰህ ቀባው።»

ትልቁ ሰውዬ ከፎቅ ወረደ። «ምንድነው ይሄ?» አለ። አባቴ ግራና ቀኝ አየ። እኔ ከእግሩ ሥር ስለነበርኩ ፊቱ ሲለዋወጥ ከታች ወደ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ የሆነ ነገር አገኘ። ሁለት እጁን ቀስ ብሎ የእናቴ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ድምፁ ማር ሆነ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ታማለች። ከዚያ ሽታ ወዲህ ናላዋ ዞሯል። ደብቄ ነበር የቆየሁት።»

የሰው ፊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሰለሰ። አንዷ ጸሐፊ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዘበኛው ከሕፃን ላይ ቢላ እንደሚቀማ ሰው ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ወሰደባት።

«አልታመምኩም» አለች እናቴ። «መኪናውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። ግን ታማለች ከተባለች በኋላ የምትናገረው ሁሉ የበሽታው ምልክት ነው። ትልቁ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩን መጠጠላት። እኔም አለቀስኩ፤ እናቴ መታመሟን ከአባቴ አፍ ሰምቼ ነበርና።

አያቴ መጥቶ ወሰዳት። እኔ አባቴ ጋ ቀረሁ፤ እኔን ልታሳድግ ትልቋ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። «እናትሽ ሐኪም ቤት ተኝታለች» አለችኝ። «መቼ ትመጣለች?» ስላት «የጭንቅላት ነገር ቀጠሮ የለውም» ትላለች። አባቴ ከሹመቱ አልወረደም። እንዲያውም አዘኑለት። «ምን ዓይነት ቻይ ሰው ነው» ተባለ። መኪናውን ለሌላ ባለሙያ ሰጥተው ቀይ አስቀቡት።

እናቴ ሐኪም ቤት አልነበረችም። ከእኛ ቤት በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ርቃ፣ አያቴ ቀለም ቤት ውስጥ ሥራዋ ላይ ነበረች። ፍርድ ቤት ሄዳ ልጄን ስጡኝ ብላለች። አባቴ ቲነርና ጨርቅ ይዛ ያዩአትን የአዳራሹን ሠራተኞች አሰልፎ አስመሰከረ። ሁሉም እውነት ተናገሩ፤ ያዩትን ብቻ። ተፈረደባት፤ መምጣት ግን አልተወችም። በራችንን ስታንኳኳ አክስቴ እኔን ጓዳ አስገብታ «ድምፅ እንዳታሰሚ፣ ሲነሳባት ሰው አታውቅም» ትለኝ ነበር። ድምፅ አላሰማም። የገዛ እናቴ ስሜን እየጠራች በር ስትመታ እኔ የሽንኩርት ከረጢት አቅፌ ትንፋሼን እይዛለሁ። የልጅነቴ ትልቁ ፍርሃት እናቴ ነበረች። እንዲህ አድርጎ ያሳደገኝን ሰው ዛሬም ሰፈሩ ጨዋ ይለዋል፤ ሠርግ ሲኖር ከፊት ያስቀምጡታል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ አክስቴ ዘግይታለች። በሩ ላይ የቆመው አያቴ ነው። ጢሙ ላይ ነጭ ቀለም ነክቶታል።

«ቁንጫ» አለኝ። ከሱ በቀር እንደዚያ የሚለኝ የለም። «እናትሽ ምን ሆነች አሉሽ?»

«ታመመች።»

«በምን?»

«በቀለም።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ነይ እስኪ፣ በሽተኛዋን ላሳይሽ» ብሎ እጄን ያዘ።

የቀለም ቤቱን ደጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፍኩ። ከውስጥ መዶሻ ይጮሃል፣ አየር መጭመቂያው ያጓራል። ከመጋረጃ ጀርባ ቱታ የለበሰች፣ አፍንጫዋን የሸፈነች ሴት የጭነት መኪና በር ትቀባለች። አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ። ግን አልዞረችም፤ መርጫው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ።

«አላወቀችኝም» አልኩት አያቴን።

«አውቃሻለች። ቅብ መሀል ላይ ከተቆመ ይበላሻል። እጇን እይ።»

እጇ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የበሩ ጫፍ ስትደርስ መርጫውን ሰቀለች፣ መሸፈኛውን አወለቀች፣ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ቀላ ያለች፣ ላብ ያጠመቃት፣ ጤነኛ ሴት ነበረች። ጓደኞቼን ከሚያመጡት እናቶች ሁሉ ጤነኛዋ።

እንደምታቅፈኝ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው ግን «በሩን ሳንኳኳ ትሰሚኝ ነበር?» ነው።

«አዎ።»

«ምን ይሉሽ ነበር?»

«ሲነሳባት ሰው አታውቅም።»

ያኔ አቀፈችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። ከዚያ ቱታዋን እንኳ ሳትቀይር እጄን ይዛ ወጣች። አያቴ «ቆይ፣ መኪና ላስነሳ» አላት። አልሰማችውም። አውቶቡስ ላይ ሰው ቀለሙን ሸሽቶ ቦታ ለቀቀልን።

አክስቴ በሩን ስትከፍት ጮኸችና ስልክ ልትደውል ሮጠች። እናቴ መኝታ ቤቴ ገብታ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር። አባቴ የደረሰው ጨርሳ ዚፑን ስትዘጋ ነው። እሷን አላናገራትም። እኔ ፊት ተንበረከከ፤ ጫማውን ሳይሳሳለት። በዚያው የማር ድምፁ ጀመረ።

«ልጄ፣ እናትሽ እኮ ታማለች። ታውቂያለሽ አይደል?»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። እናቴ ሻንጣውን ይዛ ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የምትለው አልቆባት አልነበረም፤ የምትለው ሁሉ የበሽታው ምልክት መሆኑን ተምራለች።

«አልታመመችም» አልኩት። «ሥራ ላይ ነበረች።»

አባቴ አንድ ነገር ፈልጎ ግራና ቀኝ አየ፤ ያን ቀን ግን አላገኘም። እውነቱን የማያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አክስቴም ከበሩ ላይ ዞር አለች። ኋላ ዳኛው ሲጠይቁኝ ያንኑ ደገምኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ጋ ነው ያደግሁት።

ፌርማታው ላይ እናቴ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም። ወደ ቤታችን በኩል እያየች «ሁለት ዓመት» አለች። «ሁለት ዓመት የልጄን በር ዘጉብኝ።» ጥርሷን ነክሳለች። በጣም ተናዳ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ጎኗ ቆሜ፣ ምን እንደሆነ ስሙን በቅጡ ሳላውቀው፣ ተናደድኩ።

እስካሁን አልበረደልኝም።